የዓረፍተ ነገሩን ጅራት አትዋጡት፦ በሥራና በዕለት ተዕለት ኑሮ በግልጽ ለመነጋገር የሚረዳ አሠራር

አዲስ ሠራተኞችን ማለማመድ የሥራዬ አንድ ክፍል ነው። በየጊዜው የሚቀርብልኝ ጥያቄም አንድ ነው፦ «እናገራለሁ፣ ግን አይሰሙኝም፤ ከሰሙኝም ሌላ ነገር ሰምተው ይገኛሉ። ምን ላድርግ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የሚጥለው በቀጭን ድምፁ፣ በዓይን አፋርነቱ ወይም በቃላት ማጠር ላይ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ሲናገር ስሰማው ግን ችግሩን የማገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ።

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ተደረገ ወይስ አልተደረገም፣ ማን አደረገው፣ ሆኗል ወይስ ገና ይሆናል፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ነው። «ደብዳቤውን ለኃላፊው ትናንት ከሰዓት በኋላ...» ብሎ ያቆመ ሰው እስካሁን ምንም አልተናገረም። «ሰጥቼዋለሁ» ሊል ይችላል፤ «አልሰጠሁትም» ሊል ይችላል፤ «ስጠው ብዬህ አልነበር?» ሊልም ይችላል። የተናጋሪው ትንፋሽ የሚያልቀውና ድምፁ የሚወርደው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። አድማጩም እዚያ ሲደርስ ጆሮውን ከድኖ የራሱን መልስ ማሰናዳት ጀምሯል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ ያችን ጅራት ለማዳን የተዘጋጁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ድምፅ መቅረጽ የሚችል ስልክ
- መዳፍ የምታህል ወረቀትና እርሳስ
- አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ያልቀዘቀዘ
- በቀን 10 ደቂቃ፣ ለአንድ ሳምንት
- ስታጠፉ «አልሰማሁህም» ለማለት የማያፍር አንድ ሰው (ከሁሉም ለማግኘት የሚከብደው ይኼ ነው)

እርምጃ 1፦ ራሳችሁን ለሁለት ደቂቃ ቅረጹ

ስልኩን ከእናንተ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ከሚገኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ትናንት የዋላችሁበትን ነገር ለሰው እንደምትነግሩ ሆናችሁ ተናገሩ። ከወረቀት አታንብቡ፤ ስናነብ ሌላ ሰው ነን። ርቀቱም በምክንያት ነው። ስልኩን አፋችሁ ሥር ከያዛችሁት የተዋጠውን ቃል ሁሉ ለቅሞ ይቀርጽላችሁና ደህና የተናገራችሁ ይመስላችኋል።

ስትሰሙት «ይኼ የእኔ ድምፅ ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ነው። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንቱ ወፍራም ወፍራሙን ስለሚያጎላው ለራሳችን ጎርነን ብሎ ይሰማናል። ሌላው ሰው ግን ሁልጊዜም የሚሰማው ይህን የተቀረጸውን ነው። ልትለውጡት አትድከሙ፤ ማንም ቅር ያለው የለም።

አሁን ቅጂውን ሦስት ጊዜ ስሙት። በእያንዳንዱ ጊዜ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ይሁን።

ሀ. ጅራት። የመጀመሪያዎቹን 10 ዓረፍተ ነገሮች ውሰዱና ግሳቸው እስከ መጨረሻው ፊደል የተሰማውን ቁጠሩ። ቁጥሩን ጻፉት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ታመሳክሩታላችሁ።

ለ. እንትን። «እንትን»፣ «ምን መሰለህ»፣ «እንዴት ልበልህ»፣ «ማለት ነው» ስንት ጊዜ ወጡ? ሁሉንም ማጥፋት አያስፈልግም፤ ሰው የሚያስብበት ጊዜ ያሻዋል። «እንትን» ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ጊዜ መግዣ ሳይሆን የጎደለ ስም ነው። «እንትኑን እንትና ጋ ወስደህ እንትን አድርገው» የሚለው ትእዛዝ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ የጎደለው ትርጉሙ ብቻ ነው። ስሙ ካልመጣላችሁ ዝም በሉና ፈልጉት። ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት ለእናንተ ዘላለም ቢመስልም ለሰሚው ምንም አይደለም።

ሐ. ፍጥነት። የት ላይ ነው የሮጣችሁት? ሰው የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው፤ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን። ለእሱ የታወቀ ነው፤ ለሰሚው ግን አዲሱ ነገር እሱ ራሱ ነው።

እርምጃ 2፦ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ

«ይህ ሰው ሰምቶኝ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግልኝ ነው የምፈልገው?»

መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው፦ እንዲያውቅ፣ እንዲወስን፣ እንዲሠራ፣ ወይም ዝም ብሎ እንዲያዳምጠኝ። በወረቀቷ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት። በአንድ መስመር ካልተጻፈላችሁ ገና ለራሳችሁም አልጠራም ማለት ነው፤ ያልጠራ ነገር ደግሞ አፍ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይደፈርሳል።

አራተኛውን አትናቁት። ቤት ውስጥ ከሚነሱት ጭቅጭቆች ብዙዎቹ መነሻቸው እሱ ነው። አንዷ የዋለችበትን ውጣ ውረድ ልታወራ ትጀምራለች፤ ሌላው ገና ሳትጨርስ መፍትሔ ይደረድርላታል፤ ሁለቱም ተኮራርፈው ይተኛሉ። «ምንም እንድታደርግልኝ አይደለም፣ ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ነው» ብሎ መጀመር ያን ሁሉ ያስቀራል። ሰሚም ከሆናችሁ ጠይቁ፦ «ሐሳብ ልስጥሽ ወይስ ልስማሽ?»

እርምጃ 3፦ ከባዱን ነገር ወደ ፊት አምጡት

ይህን አንብቡት፣ ድምፅ እያሰማችሁ፦

«ባለፈው እንደነገርኩህ ማሽኑ ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ስለነበር፣ ጠጋኙም መጥቶ አይቶት መለዋወጫ ያስፈልገዋል ስላለ፣ መለዋወጫው ደግሞ እስኪገኝ ቀናት ስለሚወስድ፣ ነገ እናስረክባለን ያልነውን ሥራ አናደርስም።»

ሰሚው ሦስት «ስለ» ተሸክሞ፣ ወዴት እንደሚወሰድ ሳያውቅ፣ የሚያስፈልገውን ነገር የሚያገኘው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ያቺ ቃል ከተዋጠች ሁሉም ከንቱ ሆነ። አሁን ደግሞ ይህን፦

«የነገው ሥራ አይደርስም። ማሽኑ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ገና አልተገኘም። ለደንበኛው እኔ ልደውል ወይስ አንተ ትደውላለህ?»

ቋንቋው ግሱን ወደ ፊት አያመጣልንም፤ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ግን በእጃችን ነው። አጭር ሲሆን ጅራቱ ቅርብ ይሆናል። ልማዱን ለመያዝ አንድ ዘዴ አለ፦ በአንድ ትንፋሽ ሁለተኛ «ስለ» ስትሉ ራሳችሁን ከሰማችሁ እዚያው ዝጉትና አዲስ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ የምትሰጡት ነገርም ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጥ፤ ሰው ሳይጽፍ በአእምሮው አንጠልጥሎ የሚይዘው ከዚያ ብዙም አያልፍም። ከበዛ በወረቀት ስጡት።

ይህ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ መርዶና መርዶ መሰል ነገር። ሐዘን የሚያመጣ ወሬ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። እዚያ ላይ አስቀድማችሁ ሰውየው የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንዳለ፣ እየነዳ እንዳልሆነ እወቁ፤ ከዚያ «ከባድ ነገር ልነግርህ ነው» ብላችሁ ጊዜ ስጡት። ነገሩን ስትናገሩት ግን እዚያም ቢሆን በአጭርና በማያሻማ ቃል ነው። ማድበስበስ ሰውየውን ወደማይሆን ተስፋ ይወስደዋል።

እርምጃ 4፦ ትንፋሻችሁን ለግሱ አስቀሩ

ከሠልጣኞች ጋር ረጅም ሰዓት የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ወደ ደረቱ ላይኛ ክፍል ይወጣና ያጥራል፤ አፉም ይደርቃል። በዚያች ቁራጭ አየር ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፤ ገና መሀል ሲደርስ ታልቅበታለች። ግሱ የሚወጣው ከባዶ ሳንባ ነው፣ ማለትም አይወጣም። «ጮክ በል» ቢሉት መጀመሪያው ይጮሃል፤ መጨረሻው ግን ያው ነው። መፍትሔው አየሩን ማብቃቃት ነው።

ሀ. ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ወይም ተቀመጡ። አንድ እጃችሁን ከእምብርታችሁ በላይ አሳርፉ።

ለ. እስከ 3 እየቆጠራችሁ በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። እጃችሁ ወደ ውጭ መገፋት አለበት፤ ትከሻችሁ መነሳት የለበትም። ትከሻ ከተነሳ አየሩ ላይ ላዩን ቀርቷል።

ሐ. እስከ 6 እየቆጠራችሁ በቀስታ አውጡት። አየር በምናወጣበት ጊዜ የልብ ምት ዝግ ስለሚል ረጅሙ አወጣጥ ድንጋጤንም ያበርዳል። አራት ጊዜ ድገሙት። ራስ ማዞር ከጀመራችሁ አቁሙና እንደ ወትሯችሁ ተንፍሱ።

መ. አሁን ዓረፍተ ነገርን ከኋላ ወደ ፊት ገንቡ፦

አልደረሰም።
ዕቃው አልደረሰም።
የታዘዘው ዕቃ አልደረሰም።
ከትናንት ወዲያ የታዘዘው ዕቃ እስካሁን አልደረሰም።

በአራተኛው መስመር ላይ ያለው «አልደረሰም» ልክ ብቻውን በነበረበት ጊዜ እንደተሰማው መሰማት አለበት። ካልተሰማ ወደ ሦስተኛው ተመለሱ። ከኋላ የምንጀምረው አፋችን ግሱን እንደ ማረፊያ ሳይሆን እንደ መድረሻ እንዲለምደው ነው። ጥንቃቄ፦ ግሱን መጮህ አያስፈልግም። ጮኸው የሚጨርሱ ሰዎች የተቆጡ ይመስላሉ። የሚፈለገው እንዳይወርድ ብቻ ነው፤ በተለይ «አል» እና «ም»። ሁለቱ ተውጠው «ደረሰ» ብቻ ሲቀር ነገሩ ተገልብጦ ተነገረ ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በሩጫ መሀል «አልተላከም» ብዬ ባልደረባዬ «ተላከ» ብሎ ሰምቶኝ፣ ሁለታችንም ሙሉ ቀን በየፊናችን ተዝናንተን ውለናል። ማታ ላይ ግን አልተዝናናንም።

ሠ. ከንግግር በፊት አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ጠጡ። ጉሮሮን እየደጋገሙ መጥረግ የድምፅ አውታሮቹን እርስ በርስ ያፋጫል፤ በጠረጋችሁት ቁጥር ሌላ መጥረግ ያምራችኋል። በምትኩ ምራቃችሁን ዋጡ።

እርምጃ 5፦ የሚጠብቀውን አጥብቁ፣ የሚላላውን አላሉ

በደቂቃ ስንት ቃል መናገር አለብኝ የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል። ለሌሎች ቋንቋዎች የወጣው ቁጥር ለእኛ አይሆንም፤ «አልሰጠኋቸውም» አንድ ቃል ነው፣ ግን አድራጊውን፣ ተቀባዮቹን፣ ድርጊቱንና አለመሆኑን አንድ ላይ ይዟል። የተሻለው መለኪያ ይህ ነው፦ ጓደኛችሁ የምትናገሩትን ቁልፍ ነገር በማስታወሻ እየጻፈ ሊከተላችሁ ይችላል? ከቻለ ፍጥነታችሁ ደህና ነው።

መሮጥ መጀመሪያ የሚበላው መጥበቅን ነው። «አለ» ላልቶ ሲነገር «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነገር «ይገኛል» ነው። «ይሰጣል» ላልቶ ሰጪውን ይጠራል፤ ጠብቆ የሚሰጠውን ነገር። በጽሑፍ አንድ ስለሆኑ፣ ከወረቀት ላይ ለሰው የምታነቡ ከሆነ አስቀድማችሁ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ሰው ፊት ቆሞ «ይሰጣል... ማለቴ፣ ይሰጣል» ማለት ለማንም ደስ አይልም።

እርምጃ 6፦ አጠራራችሁን ወስኑና እስከ ግሱ አድርሱት

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ካልተዋወቃችሁ በ«እርስዎ» ጀምሩ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ በአንድ «አንተ በለኝ» ያልቃል፤ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መውጣት ግን ይቅርታ ያስፈልገዋል። እዚህም ላይ የሚያሳፍረን ጅራቱ ነው፦ «እርስዎ ነገ ጠዋት ትመጣለህ?» የሚል ሰው ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ግሱ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ወደ ሌላ ስለሄደ ነው። ሰሚው ግን የሚይዘው «ትመጣለህ» የሚለውን ነው። ስለ ሌላ ሰው እሱ በሌለበት ስታወሩም «እሳቸው» ብላችሁ የጀመራችሁትን በ«መጣ» አትዝጉት።

እርምጃ 7፦ ስትሰሙ ጅራቱን ጠብቁ

በአሥር ቋንቋዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ ተናግሮ ሲጨርስና ሌላው መልስ ሲጀምር መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ መልስ ማሰናዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰው መልሱን የሚያሰናዳው ሌላው ገና እየተናገረ ሳለ ነው። ግሱ ፊት ለፊት ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ለእኛ ግን መልስ ማሰናዳት የምንጀምርበትና ዋናው ነገር የሚነገርበት ሰዓት አንድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለመልመድ ግን ያስቸግራል። ሰውየው ግሱን እስኪናገር አፋችሁን አትክፈቱ። ከተናገረ በኋላ በልባችሁ «አንድ» በሉና መልሱ። «አዎ አዎ ገብቶኛል» እያላችሁ መሀል አትግቡ፤ ሌላው ሰው ግሱን ትቶ እንዲያልፍ ፈቃድ እየሰጣችሁት ነው። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፁ ዘግየት ብሎ ስለሚደርስ «አንድ፣ ሁለት» በሉ።

እርምጃ 8፦ «እሺ»ን እንደ መልስ አትቀበሉ

«እሺ» ቢያንስ አራት ነገር ነው፦ ሰምቼሃለሁ፤ እስማማለሁ፤ አደርገዋለሁ፤ በቃ ልሂድበት። ተናጋሪው ሦስተኛውን ይሰማል፤ መላሹ አራተኛውን ብሎ ሊሆን ይችላል።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የወጣው መልስ መጀመሪያ ላይ ያለችው የ«እሺ» ያህል ቃል ብቻ ለአብራሪዎቹ በግልጽ መሰማቷ ነበር። «ቆይ፣ እጠራሃለሁ» የሚለው ቀጣዩ ክፍል ሌላ የሬዲዮ ጥሪ ተደርቦበት ተበላሸ። ዛሬ አብራሪ ከማማው የመነሳት ወይም የማረፍ ፈቃድ ሲሰጠው ዋና ዋናውን ቃል በቃል መልሶ መናገር ግዴታው ነው፤ «እሺ» ብቻ አይበቃም።

እናንተም ይህንኑ አድርጉ። ትእዛዝ ስትቀበሉ በራሳችሁ አፍ መልሱት፦ «እንግዲህ ሪፖርቱን እስከ ሐሙስ ጠዋት እልካለሁ፤ ለሒሳብ ክፍል እንጂ ለአንተ አይደለም። ልክ ነኝ?» ትእዛዝ ስትሰጡ «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፣ አልገባኝም ማለት ያሳፍራልና። በምትኩ «ከየት ትጀምራለህ?» ወይም «በደንብ መናገሬን እንዳውቅ እንዴት እንደያዝከው ንገረኝ» በሉ። ሁለተኛው ጥፋቱን ወደ እናንተ ስለሚያመጣው ማንንም አያሳንስም።

ከ«እሺ» ጋር አብረው መጣራት ያለባቸው፦ «ይደረጋል»፣ «ይታያል»፣ «እናያለን»። ማን? መቼ? «ይታያል» የሚል ሰው የሚያየውን ሰው ስም አልተናገረም። «ቶሎ» እና «ትንሽ ቆይቶ» ሲመጡም ቀንና ሰዓት ጠይቁ።

እርምጃ 9፦ ስልክ ላይ ሁሉንም በአንድ እርከን ከፍ አድርጉ

በመደበኛው የስልክ መስመር የሚያልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ብቻ ነው። የ«ስ»ና የ«ፍ» ዓይነት ድምፆች መለያቸው አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ፊት አይታይም።

- ማንነታችሁንና የደወላችሁበትን ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተናገሩ፤ ከዚያ «አሁን ይመችሃል?» በሉ።
- ቁጥርን ነጠላ ነጠላውን ጥሩ። ጅራቱ የተዋጠ «ሰባት» «ሰባ» ነው፤ «ዘጠኝ»ና «ዘጠና»፣ «ስድስት»ና «ስድሳ» እንዲሁ ይምታታሉ። 70ን «ሰባት፣ ዜሮ» በሉት። ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ አቁሙ፤ ሰሚው ይመልስላችሁ።
- አንገት መነቅነቅ አይሰማም። «እ»፣ «ቀጥል» በሉ፤ አለዚያ «ሃሎ? ሃሎ?» ይመጣል።

እርምጃ 10፦ እምቢታና ወቀሳ

«እሞክራለሁ» እምቢታም እሽታም አይደለም፤ ጠያቂው እንደ እሽታ ይይዘዋል፣ ተጠያቂው እንደ እምቢታ። የማትችሉ ከሆነ ግሱን በግልጽ አውጡትና የምትችሉትን አስከትሉ፦ «ዛሬ አልችልም። ነገ እስከ ምሳ ሰዓት እጨርሰዋለሁ።» ምክንያት አንድ ይበቃል፤ ሦስት ምክንያት የሚደረድር ሰው የሚዋሽ ይመስላል፣ እውነቱንም ቢሆን።

ስትወቅሱ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አትጥሩ፤ «ሁልጊዜ» የምትለዋንም ቃል አርቁ። «ሁልጊዜ ታረፍዳለህ» ስትሉት ያላረፈደበትን አንድ ቀን ፍለጋ ይገባል፤ ያገኘዋልም፤ ክርክሩም ስለዚያ ቀን ይሆናል። «ትናንትና ዛሬ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ገባህ» ግን የሚከራከሩበት አይደለም። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ለብቻው ንገሩት።

ብዙ ሰው ፊት ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፤ የሚጨመረው ጥቂት ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፤ መሀሉን በወረቀቷ ላይ በነጠላ ቃላት። ማይክሮፎኑን ከአፋችሁ በጭብጥ እጅ ርቀት ያዙና እዚያው አቆዩት። ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል እጅ ከማይክሮፎኑ ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ግሱ የሚሄደው ለራሳችሁ ደረት ብቻ ነው። የምትናገሩት መጨረሻው ረድፍ ላይ ላለ ሰው እንደሆነ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያዎች

- ሰውን ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ፤ ለልምምድም ቢሆን።
- የድምፅ መጎርነን ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ልምምዱን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።
- የሚንተባተብን ሰው ቃሉን አትጨርሱለት፤ «ቀስ በል»ም አትበሉት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁ። የምትንተባተቡት እናንተ ከሆናችሁ ይህ መመሪያ ሕክምና አይደለም፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይረዳችኋል።
- በተናደዳችሁበት ሰዓት እርምጃ 10ን አትሞክሩ። መጀመሪያ እርምጃ 4ን፣ ከሀ እስከ ሐ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚበዛው ሁሉንም እርምጃ በአንድ ቀን ለመሞከር መነሳት ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን፣ ፍጥነቱን፣ አጠራሩንና ዓይኑን ሲቆጣጠር የሚናገረውን ይረሳል። ሁለተኛው ንግግርን ቃል በቃል መሸምደድ ነው፤ አንዲት ቃል ከጠፋች ሰንሰለቱ ሁሉ ይበጠሳል። ሦስተኛው በይቅርታ መጀመር፦ «ብዙም አላውቅም ግን...»፣ «ምናልባት የማይረባ ይሆናል ግን...»። ሰሚው ያመናችኋልና ተዉት። አራተኛው ትሑት ለመምሰል ድምፅን ዝቅ ማድረግ። ትሕትና በቃል ምርጫ ይታያል፤ ያልተሰማ ትሕትና ደግሞ ሰሚውን «ምን አልክ?» እያለ ያደክመዋል።

የሳምንቱ ልምምድ

1ኛ ቀን፦ እርምጃ 1 ብቻ። ቁጥሩን ጻፉ።
2ኛና 3ኛ ቀን፦ እርምጃ 4፣ በየቀኑ ከራሳችሁ ሥራ በወሰዳችኋቸው አምስት ዓረፍተ ነገሮች።
4ኛ ቀን፦ አንድ ረጅም መልእክት መርጣችሁ በእርምጃ 3 መንገድ ቆራርጡት፤ ለዚያ እውነቱን ለሚነግራችሁ ሰው ተናገሩት።
5ኛ ቀን፦ ቀኑን ሙሉ ማንንም ግሱን ሳይናገር አታቋርጡ። ስታቋርጡ በወረቀቷ ላይ ጭረት አድርጉ።
6ኛ ቀን፦ የተሰጣችሁን እያንዳንዱን ትእዛዝ መልሳችሁ ተናገሩ፤ ከሰጣችሁትም አንዱን አስመልሱ።
7ኛ ቀን፦ ስልኩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው ሦስት እርምጃ ርቀት አስቀምጡና ሁለት ደቂቃ እንደገና ቅረጹ። ከ10ሩ ስንቱ ግስ ተሰማ? ቁጥሩ ካልጨመረ ወደ እርምጃ 4 መ ተመለሱ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን በግማሽ አሳጥሯቸው።